አንዱን ጆሮ ገልጦ

ላይፕዚግ፣ ሊንደናው፣ ከአራተኛ ፎቅ፣
ድምፄ ከጎረቤት እንቅልፍ እንዲርቅ፣
ቁምሳጥን ከፍቼ ገባሁ ከኮት መሃል፤
ሱፉ ድምፅ ይውጣል፣ ብርድ ልብሱ ይውጣል፣
የተረፈ ካለ ፍራሹ ይችላል።

ማይኩን ያሰርኩት ከመጥረጊያ እንጨት፣
በነጠላ ካልሲ፣ ጓዷ በጠፋባት።
ሄድፎኔ ካሮጌ ተራ፣ በአሥራ ሁለት ዩሮ፣
ቆዳው የተላጠ፣ የሚያሳክክ ጆሮ።

ፍሬስብሐት ከሮተርዳም ዜማውን ላከልኝ፤
«የሥር ድምፅ ሁኚና ቀስ ብለሽ ግቢልኝ፣
መሽሞንሞን አያሻም» አለኝ።

ጫንኩት።
መጀመሪያ የሰማሁት ሆዴን፤ ቀጥሎ ምራቄን ስውጥ፣
ጉልበቴ ቋ ሲል፣ ልቀመጥ ስቁነጠነጥ።
ይህን ያህል ጩኸታም ሰው መሆኔን
ማንም አልነገረኝ።

ከዚያ አፌን ከፈትኩ።
ቃሉ ካፌ ወጥቶ፣ በሽቦው ተጉዞ፣
በላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ጥቂት ተንቀራፍፎ፣
ጆሮዬ ጋ ደረሰ፣ ሰዓቱ አልፎ።
የጥቅሻ ያህል ነው፣ ቢቆጥሩት አይሞላም፤
ግን እኔ ዘልቄ ሌላ ቃል ስጀምር፣ ድምፄ ገና የለም።
ዳቦ ፋብሪካው ውስጥ ቀልድ ሲወራ እንዲሁ ነኝ፤
ሁሉም ስቆ ሲያበቃ፣
ቃሉ ተፈትቶልኝ፣
ምድጃው ፊት ለብቻዬ ሳቄ የሚያመልጠኝ።

ልጠብቃት ብዬ ቀስ አልኩ፤ እሷም ቀስ አለች፤
ቀስ በቀስ እያልን ዜማዋ ሞተች።

«አንዱን ጆሮሽን ግለጪ» አለኝ ፍሬስብሐት።
ግራውን ገለጥኩት።
በቀኜ ትልቅ ነኝ፤ እሱ በጨመራት ማሚቶ
ገደል የምሞላ።
በግራዬ አንዲት ሴት፣ ጉሮሮዋ ደርቆ፣
ከክረምት ኮት ጋራ ትከሻ ለትከሻ፣
ናፍታሊን ናፍታሊን የምትሸት።
ሁለቱም «እኔ ነኝ» ይላሉ።
ለየትኛዋ ልመስክር?

ብገልጠው ፈሰሰ፦ የምት መቁጠሪያው ቀጭ ቀጭ
ከክፍቱ ጆሮ አምልጦ ማይኩ ውስጥ ገባ።
ብከድነው ዘገየ።
ከመፍሰስ መዘግየት ይሻላል ብዬ
ሁለቱንም ደፈንኩ፣
የማይኩንም ጆሮ እስከ ጥግ ከፈትኩ።

ያኔ ነው፣ በሁለት ስንኝ መካከል፣
እኔ ዝም ባልኩበት፣
አንድ ወፍራም ጉርምርምታ የሰማሁት።
አወለቅሁ፦ የለም። የሩቅ ትራም ብቻ።
ጫንኩ፦ አለ።
ሲከደን የሚሰማ፣ ሲገለጥ የሚጠፋ!

ሄር ኖይበርት ናቸው፣ ከግድግዳው ማዶ።
ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ሰላምታቸው በአገጭ ነው።
አንድ ቀን፣ ደረጃ ላይ፣ እንዲያው ከመሬት ተነስተው
«ድሮ በዚህ ቤት ምስጢር ያለው ሰው
ቧንቧ ከፍቶ ነበር የሚያወራው» አሉኝ።
«ጆሮ ጠቢ እኛም ዘንድ ነበረ» ልላቸው
ቃሉን በጀርመንኛ ሳገላብጥ፣ ስመርጥ፣
በራቸው ተዘጋ።

አሁን ያችን የሥር ድምፅ፣ የኔን፣
ግማሽ እርከን ዝቅ አድርገው፣ ቃል ሳይኖራት፣ ይከተሏታል።
ስንት ሌሊት ቢሰሙኝ ነው?
ኮቱም አልዋጠ፣ ፍራሹም አልቻለ፤
ቀዳሁ ስል፣ ለካ እኔ ምንጭ ሆኜ
በግድግዳው ሥር የሚቀዳ አለ።

ለፍሬስብሐት እስካሁን አልላክሁም።
ነገ የሌሊት ተራዬ ነው፤ ዛሬ አንድ ጊዜ ይበቃል።
ግራውን ገለጥኩ፣ በግድግዳው በኩል ያለውን።
ቀዩን ነጥብ ተጫንኩ።
የመጀመሪያዋን ስንኝ ወጣሁና
ቆሜ ጠበቅኋቸው።